የመጨረሻውን ቅጽ ቀስ ብለሽ አንብቢው

ውድ እማዬ፣

ይህን ወረቀት በበሩ ሥር ሳስገባ ከወዲያ በኩል ደህና መሆንሽን የሚነግረኝ የለም። አንኳኩቻለሁ። ስልክሽ ይጠራል፤ ከውስጥ ሲጮህ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ የሚያነሳው ግን የለም። ቅድም ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆሜ ሳለሁ ገጽ ሲገለጥ የሰማሁ መሰለኝ። በሕይወቴ የወረቀት ድምፅ እንዲህ አስደስቶኝ፣ እንዲህም አስፈርቶኝ አያውቅም።

የመጨረሻውን ቅጽ ሳልጨርስ በሬን አልከፍትም፣ ማንም እንዳይጠራኝ ብለሽ ለአክስቴ ነግረሻታል አሉ። እሷም እንደ ምሥራች ለዘመዱ ሁሉ አዳርሳዋለች። እኔ ስሰማው የያዝኩትን ጥዬ መጣሁ። ያንን ቅጽ አውቀዋለሁና። ስለ ጾም፣ ስለ ዝምታና እንቅልፍን ስለ መተው የሚናገረው እሱ ነው። አንቺ ደግሞ ያነበብሽውን ሁሉ በዚያው ቀን ካልሆንኩ የምትይ ሰው ሆነሻል።

አክስቴ እንደምትለው የመጽሐፉ ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ወደ ቤታችን ሲገባ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አባዬ ካረፈ በኋላ የስፌት መኪናሽ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ደንበኞችሽ ጨርቃቸውን ይዘው መጥተው ባዶውን ወንበር አይተው ይመለሱ ነበር። ከዚያ አክስቴ፣ ታላቅ እህትሽ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ ይዛ መጣች፤ አንድ አረጋዊ መምህር ለደቀ መዛሙርቱ በየጊዜው የተናገረው ትምህርት ነው ብላ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጠችው። ብዙም ሳይቆይ እንደገና መስፋት ጀመርሽ። ስፒል በከንፈርሽ ነክሰሽ፣ የሰው ወገብ እየለካሽ፣ መምህሩ ስለ ሐዘን ያለውን ታወሪ ነበር። አንዷ ደንበኛሽ «እትዬ፣ ስፒሉን ያውጡትና ይንገሩኝ፣ ግማሹ አልገባኝም» ብትልሽ፣ «ስፒል ካልያዝኩማ ማን ያስቆመኛል» ብለሽ ሳቅሽ። ያን ሳቅ ስሰማ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መጽሐፉን ያኔ ብስመው ደስ ባለኝ።

ክፉው ነገር የመጣው በፍጥነቱ ነው። እግርሽ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይንሽ መጽሐፉ ላይ ሆነ። የሙሽራዋን ቀሚስ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገሽ ሰፋሽው። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ወደ ብርሃን ዘርግታ «የኔ ልጅ ቀኝ እጅ የላትም ያላችሁ ማነው?» ስትል ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞላ። አንቺ አልሳቅሽም። ከሩቅ እንደጠሩት ሰው ቀና ብለሽ አየሻትና ወደ ገጹ ተመለስሽ። መጀመሪያ የፈራሁት ያን ቀን ነው፤ በሥራሽ ሲቀልዱብሽ ዝም የምትይ ሴት አልነበርሽማ።

ከዚያ ምሳ ቀረ። ከዚያ እራት ቀረ። ስጠይቅሽ በልቻለሁ ትያለሽ፤ ድስቱ ግን ደረቅ ነው። ልብስሽ ትከሻሽ ላይ ማንጠልጠያ ላይ እንዳለ ሆነ፤ አንቺ፣ የሰውን ልክ በዓይንሽ የምታውቂ ሴት፣ የራስሽ ቀሚስ ሲሰፋብሽ አላየሽም።

ስለዚያ ከሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላወራንም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ከችሎት ወጥቼ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ ነው የተቃጠለ ጨርቅ የሸተተኝ። በሩን ገፍቼ ስገባ ካውያው ቀሚስ ላይ ተደፍቶ፣ ቀሚሱን በስቶ፣ ጠረጴዛውን እያጨሰው ነበር። አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ ታነቢያለሽ። ጭሱ በፊትሽና በገጹ መካከል ያልፋል፤ አንቺ ግን በእጅሽ ገፋ እያደረግሽው ታነቢያለሽ። ገመዱን ነቅዬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ትከሻሽን ይዤ ነቀነቅኩሽ። ቀና አልሽ። አየሽኝ።

«ማን ነሽ ልጄ?» አልሽኝ።

እኔ ነኝ አልኩሽ። ፈገግ ብለሽ፣ ለትንሽ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለሽ፣ «እኔ የሚባል ነገር እኮ የለም» አልሽኝ።

እማዬ፣ የነፍሰ ገዳይ ፊት በቅርብ አይቻለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንደዚያ ፈገግታ ግን ያስፈራኝ ነገር የለም። ወዲያው ተመልሰሽ ስሜን ጠርተሻል፣ ሻይ ልጣድልሽ ብለሻል፣ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ያች ቅጽበት ገና አላለፈችም። ስልኬ በጠራ ቁጥር በዚያች ፈገግታ ውስጥ ገብተሽ የቀረሽ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፎቹን ከቤትሽ የወሰድኳቸው ለዚህ ነው። ዛሬም ቢሆን እወስዳቸዋለሁ። አክስቴ ግን ዘመድ ሰብስባ ሳሎንሽ ውስጥ እንደ ተከሳሽ አቆመችኝ። እናቷን እብድ አሰኝታ ቤቱን በስሟ ልታዞር ነው አለች። አጎቴ ከእንቅልፉ እየነቃ በየመሃሉ «ልክ ነው» ይል ነበር፤ ምኑ ልክ እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። አክስቴ «ሕግ የተማረች ልጅ እናቷንም መዝገብ ታደርጋለች» ስትል ሁሉም አጉረመረመ። እኔ የጠበቅኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንቺን። ስለ ካውያው አንድ ቃል ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ግን ወለሉን እያየሽ «የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ» አልሽ። አስቀመጥኩ። ስበድልሽ የኖርኩ ይመስል፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አክስቴም በማግስቱ ቅጾቹን በሙሉ በአዲስ ገዝታ አመጣችልሽ።

ዛሬ ብፈልግ ለፍርድ ቤት አመልክቼ፣ ሐኪም አስመስክሬ፣ ራሷን ማስተዳደር አትችልም ማሰኘት እችላለሁ። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። አላደርገውም። የተወራብኝ ውሸት እንዲሆን ብዬ አይደለም፤ አንቺ በሰው ፊርማ የምትመለሽ ሰው እንዳልሆንሽ ስለማውቅ ነው።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። የወሰድኳቸውን መጽሐፎች አነበብኳቸው። ስህተትሽን ፈልጌ ልከራከርሽ ነበር ሐሳቤ። ከዚያ ዋጡኝ። የቢሮዬ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ምዕራፍ ብቻ ልይ ብዬ ጀምሬ፣ ደንበኛዬ ችሎት ፊት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ስሜን የሚጠሩት ሰዎች ከውኃ ውስጥ ሆነው የሚጠሩኝ ይመስሉኝ ነበር። እጄን አይቼ የማን ነው አልኩ፤ እውነቴን ነው። ደስ ይል ነበር። አየሽ፣ የሚያስፈራው መጽሐፉ ክፉ መሆኑ አይደለም። ጥሩ መሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እንወረውረው ነበር።

ዘግቼው ብዙ ቀን ፈራሁት። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ፣ በሌላ አነባበብ። ትንሽ አነባለሁ፤ እዘጋዋለሁ፤ ተነስቼ ልብስ አጥባለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ያነበብኩት ከሰው ጋር ስጣላ አብሮኝ ካለ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከሌለ እዚያው እቆያለሁ። አሁን ስም ያጠፋብህን ሰው ይቅር ስለ ማለት የሚናገረው ገጽ ላይ ነኝ። የአክስቴ ፊት በመጣብኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ገና አልተሻገርኩትም። ምናልባት እርጅና ድረስ እዚያው እቆይ ይሆናል። መምህሩ ግን የሚቸኩል አይመስለኝም።

ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ። ትከሻውን ሰፍተሽ ሳትተኩሺው አንገትጌውን አታያይዢም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ቶሎ ይለቅ ብዬ ደራርቤ ስሰፋ፣ ክሩን ሁሉ ተርትረሽ መልሰሽ ትሰጪኝ ነበር። ያልተተኮሰ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት ከዞረበት ልብሱ ለዘላለም ይሸበሸባል፣ ከዚያ በኋላ ምን ካውያ ቢመጣ አያቃናውም ትዪኝ ነበር። ለሰው ልብስ ይህን ያህል የተጠነቀቅሽ፣ ለራስሽ ነፍስ ስንት ስፌት ሳትተኩሺ ደራረብሽ?

አሁን ስለያዝሽው ቅጽ። መምህሩ ያንን ሲናገር ሽማግሌ ነበር። ሲጾም ውኃ የሚያቀርብለት ደቀ መዝሙር ነበረው። ዝም ሲል በሩ ላይ የሚቀመጥ ነበረው። ከልክ ሲያልፍ ክንዱን ይዞ የሚያነሳው፣ በቃህ የሚለው ነበረው፤ መጽሐፉ ውስጥ በየገጹ አሉ፤ በፍጥነት ስለምታነቢ አላየሻቸው ይሆናል። አንቺ ማን አለሽ? አክስቴ ምሥራች ልትናገር ሄዳለች። ከታች ያለችው ጎረቤት ደጅሽ ላይ የምታስቀምጠው ምግብ ሳይነካ እንደሚመለስ ነግራኛለች። ቀን ከሌት መብራትሽ እንደበራ ነው። ያለ ሰው የሚጾም ሰው መምህሩን አልተከተለም እማዬ፤ ጥሎት ነው የሄደው።

ጨርሺው አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም። ክፈቺና አብረን እናንብበው። አንድ ገጽ አንቺ፣ አንድ ገጽ እኔ፤ በመካከሉ ሾርባ። ከፈለግሽ የቤት ቁልፍ አትስጪኝ፣ ይቅርታም አትጠይቂኝ፤ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን፣ እንዲያውም ናፍቆኛል።

አናጢው ጎረቤታችን ከጎኔ ቆመዋል። መዶሻና መሮ ይዘዋል። «በሩ የኔ ሥራ ነው፣ ሲሰበር ያመኛል» አሉኝ፤ ግን አልሄዱም። ይህን ወረቀት አስገብቼ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ካነበብሽው መልሰሽ በበሩ ሥር ግፊልኝ፤ ምንም መጻፍ የለብሽም። ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ ካየሁ እጠብቅሻለሁ፣ እስከ ፈለግሽው ጊዜ። ካልተንቀሳቀሰ ግን በሩን አስነቅለዋለሁ፤ አክስቴ ከዘመዶቿ ጋር ትክሰሰኝ፣ ራሴን መከላከል አውቃለሁ።

ልትከፍቺ ስትነሺ በድንገት አትነሺ። ሳትበዪ ስለቆየሽ ያዞርሻል። ግድግዳውን ይዘሽ፣ እያረፍሽ፣ ቀስ ብለሽ ነይ። ዛሬ የሚቸኩል ሰው ካለ እኔ ልሁን።

ከበሩ ማዶ ወለሉ ላይ የተቀመጠችው፣
ልጅሽ