እንደ ዐረፋ በሬ የተከፋፈለው ሆም ቴአትር

ለተወደድሽው ልጄ ለሂዳያ ሸረፈዲን፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስልሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ሐቢብስ ደኅና ነው? የጅዳ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በአካል ደኅና ነን። የእናትሽ የዐይን ሞራ ግን እንደበፊቱ ነው፤ ፊቷ የቆመውን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለየውም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው እስከ ጥር ይቆይ ብሏል። «በአካል ደኅና ነን» ያልኩት አስቤበት ነው፤ አእምሯቸውን ለከባድ ሥራ ቆጥበው ያስቀመጡ ዘመዶች እንዳሉን ከዚህ በታች ታነቢያለሽ።

ስልክ ማንሣት ካቆምሽ ወር ሊሞላ ነው። ምክንያቱን ከሐቢብ ሰምቻለሁ። በሠርግሽ ቪዲዮ ላይ እናትሽን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝና መርቂኝ ብለሽ ለምነሻት አንድም ቃል ስላልመለሰችልሽ አዝነሻል። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። እናትሽ ልመናሽን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ጭራሽ አልሰማችውም ነበር። እንዴት እንዳልሰማች በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ። ለሐቢብ በስልክ ያላስረዳሁት አጎትሽ ሳሊህ የስልክ ድምፅ በሰማ ቁጥር እየመጣ ስለሚያቋርጠኝ ነው።

የቴሌቪዥናችን ድምፅ ከተቃጠለ መቆየቱን ታውቂያለሽ። እናቴ ማየት ቢያቅታት እንኳ ጥርት አድርጋ ትስማ ብለሽ ያን ሆም ቴአትር ከሠርግሽ ዲቪዲ ጋር መላክሽ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነበር። አስተዋይነቱ ግን ከጅዳ አልፎ መቀሌ አልገባም። ዕቃው የደረሰው እኔ ለለቅሶ ወሎ፣ ሐርቡ በወረድኩበት ሰሞን ነው። ተቀባዩ ሳሊህ ሆነ። የእናትሽ ታላቅ ወንድም ስለሆነ በዚህ ቤት የሚከፈት ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ካልተከፈተ ያመዋል።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ካርቶኑን ሲከፍት አንድ ዋና ማጫወቻ፣ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያና አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ሁሉ ተያይዞ የሚሠራ አንድ ዕቃ ነው ይላል። ሳሊህ ግን «ልጃችን ዘመድ አልረሳችም፤ ለየቤታችን ቴፕ ልካለች» አለ። ከዐረብ አገር የመጣ ነገር አንድ ቤት ብቻውን አይቀርም በሚለው ልማዳችን ሰው ሰበሰበ፤ መደብ መደብ አድርጎ ዘረጋው፤ ከዚያም እንደ ዐረፋ በሬ ዕጣ አስጣለበት። ለእናትሽ ማጫወቻውና ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ደረሷት፤ በቅርጫ ቋንቋ ጭንቅላቱና ሁለት እግሩ መሆኑ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ሣጥን በዕድሜ እበልጣለሁ ላለው ለራሱ ለሳሊህ ያለ ዕጣ ተሰጠ፤ ሪሞቱም የእሱ ምርቃት ሆነ። ረዘም ያለው ትንሽ ሣጥን ለእኔ እኅት ለአክስትሽ ለረምላ ወጣ። አንዱ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ለተኪዳን። የመጨረሻው ደግሞ ገመዱን ለሚያገናኘው ለዛሂድ፣ አራጅ ቆዳውን እንደሚወስድ።

ከእነዚህ ሁሉ በዐይኗ የተጠቀመች ለተኪዳን ብቻ ናት። ሣጥኑን ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ኣየ ሳሊሕ፣ ይሄ እኮ መሰኪያ እንኳ የለውም፤ የበሬውን ጆሮ ቆርጠህ ነው ያመጣህልኝ» ብላ እየሳቀች ያንኑ ዕለት ለእናትሽ መለሰችው። ሳሊህ ግን ስጦታ ናቀች ብሎ አኮረፋት።

ዛሂድን ታስታውሺዋለሽ፤ ወደ ሓወልቲ መሄጃ ላይ ፊልም ያከራያል። ኢንጂነር ብለው ሲጠሩት ቀና ብሎ ያያል። መጥቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየሰካ እየነቀለ፣ አንዴ ሥዕሉን ጥቁርና ነጭ፣ አንዴ ሰማያዊ ብቻ እያደረገ፣ በመጨረሻ ቢጫው መሰኪያ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ በስሕተት ሲገባለት አለቀ ብሎ ተነሣ። መምህር ሳለሁ ተማሪ ሳይሠራ መልሱን ሲያገኝ ነጥብ አልሰጥም ነበር፤ እነሱ ግን አጨበጨቡለት።

ከዚያ ዲቪዲውን ከፈቱት። ድቤው ተሰማ፤ መንዙማው፣ እልልታው ተሰማ። አንቺ ማይክራፎኑን ስትይዢ ግን ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። እናትሽ «ልጄ ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀች። ዛሂድ ቪዲዮ ቀራጩ ዐረብ ድምፁን መቅዳት ረስቶ ነው አለ። ሳሊህ ደግሞ ይህን እንኳ አልተቀበለም፤ ሙሽራ በሠርጓ አትናገርም፣ ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች ብሎ ፈረደ። «ምንም አላለችም» አሏት። እናትሽም እጄን ሳትስም ተድራ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትተውልኝ አለፈች ብላ ተቀየመች። አንቺ ደውለሽ ቪዲዮውን አየሽው ወይ ስትያት፣ አዎ አየነው ብላ ስልኩን ለሳሊህ የሰጠችው ለዚህ ነው። ሁለታችሁም ተቀያይማችሁ የቆያችሁት በሳሊህና በዛሂድ ድፍረት ነው።

እኔ ስመለስ የጠየቅሁት መመሪያ መጽሐፉን ነው። ዐረብኛ አለበትና መሬት አይጣልም ብላ ረምላ በነጠላ ጠቅልላ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጣው ኖሯል። ፊደሉን ከዚህ በላይ ማክበር አይቻልም፤ ማንበብ ብቻ ነው የቀረው። አውርጄ አነበብኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ሳሎን ሥዕል አለ፤ ስድስቱም ሣጥኖች በአንድ ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ በአምስት ቤት አይደሉም። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ ዜማውና ጭብጨባው በግራና በቀኝ ሣጥኖች ይወጣል፣ የሰው ንግግር ግን በመካከለኛው፣ ረዘም ባለው ሣጥን ነው የሚወጣው። ዲቪዲውን ከፍቼ ከንፈርሽን ተመለከትኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ክፍል ውስጥ ከንፈር ሳይ ኖሬያለሁ፤ የሚያጉተመትምና የሚናገር ተማሪ ይለይልኛል። አንቺ ትናገሪያለሽ። ንግግርሽ ግን ረምላ ቤት ነበር።

ሄድኩ። ረምላ ሣጥኑን ቡፌዋ ላይ፣ ዳንቴል አንጥፋ አስቀምጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ ሂዳያ የላከችልኝ ቴፕ ትላለች። ያልዘፈነው መሰኪያ ስለሌለው ነው ብላም ሽቦው ጫፍ ላይ የካውያ መሰኪያ አስገጥማለች። ግድግዳው ላይ ልትሰካው ስትል መብራት ጠፋ፤ ድምፅሽ የተረፈው በኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ይህ ተቃጥሎ ቤትሽን ያቃጥል ነበር ብላት፣ አንተ ሁልጊዜ ክፉ ነው የምታወራ አለችኝ። መልሺ ስላት ዕጣዬ ነው አለች። የበሬ ሥጋ ብቻውን ይበላል፣ የዚህ ቁራጭ ግን ብቻውን አይናገርም ብዬ በምሳሌ አስረዳኋት። ዘገምተኛ ተማሪ እንደማስረዳ ደጋግሜ ተመላለስኩ። አልገባትም። በመጨረሻ አትስጪኝ፤ ይዘሽው ነይና ራስሽ ያዢው አልኳት። ይህ ገባት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁሉም ድርሻቸውን ታቅፈው መጡ። ሳሊህ ትልቁን ሣጥን በወዛደር አስሸክሞ፣ ሪሞቱን ደረት ኪሱ ሻጥ አድርጎ እንደ ሹም ገባ። ዛሂድ የእሱን አመጣ፤ ሊሰካም እጁን ዘረጋ። እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሰካሁ። ሥራው በእውነቱ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ሽቦ ቀለም አለው፣ እያንዳንዱ ቀዳዳም ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴው፣ ነጩ ከነጩ። ይህ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ነው። ሳሊህ ግን አረንጓዴውን ቀዩ ላይ ሞክረው እስኪ እያለ ከኋላዬ ይመክር ነበር። ረምላ ደግሞ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ሣጥኑን ከጭኗ አላወርድም ስላለች ሽቦውን እስከ እሷ ድረስ ዘረጋሁት።

ከፈትኩት። ድቤው አለፈ፣ እልልታው አለፈ። ከዚያ ከረምላ ጭን ላይ አንቺ ተናገርሽ። «እማ፣ እጅሽን ሳልስም ተዳርኩ። ቅር እንዳለሽ አውቃለሁ። አውፍ ብለሽ መርቂኝ፤ ምርቃትሽን እስክሰማ ቤቴ ቤት አይሆንልኝም» አልሽ።

እናትሽ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ወደ ረምላ አዞረች። ድገመው አለችኝ፤ ሪሞቱን ከሳሊህ ኪስ አውጥቼ ደገምኩት። ከዚያ ተነሥታ እየዳሰሰች ሄደች፤ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ መለሰችልሽ። ሣጥኑ ድምፅ ያወጣል እንጂ ድምፅ አይቀበልም። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔም እርማት ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ግን አላረምኳትም። ያለችውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

«ልጄ፣ አውፍ ብያለሁ፤ ልቤ ላይ አንዳች ቅያሜ የለም። አላህ ቤትሽን የሰው መጠጊያ ያድርገው። የያዝሽው ይባረክ፣ የወለድሽው ይደግልሽ። ያ ረቢ፣ እኔ ሳላያት የዳርኳትን ልጄን አንተ እያየህ ጠብቅልኝ።»

ረምላ በሣጥኑ ላይ እንባዋን ስታወርድ ሽቦው እንዳይረጥብ ነቀልኩት። ስትሄድ ሣጥኑን ትታው ሄደች፤ ዳንቴሉን ግን ወሰደች። ዛሂድም የእሱን ተወ። ሳሊህ ትልቁን ሣጥን ዕጣዬ ነው ብሎ መልሶ አስጫነ። ወስዶ ሱቁ ደጅ ላይ ይቀመጥበታል፤ ለመቀመጫነት በጣም ተስማምቶታል። ከእንግዲህ ዕቃ የምትልኪ ከሆነ ሳሙና ላኪ። ሳሙና ተከፋፍሎም ያጥባል።

ወይዘሮ ለተኪዳን ከልብ ሰላም ብላሻለች፤ ሠርግሽ ላይ የለበስሽውን ቀሚስ አይታ አድንቃለች። አክስትሽ ረምላ ትስምሻለች፤ የእሷ ቴፕ ነው የተናገረው እንድልሽም አደራ ብላኛለች። ዛሂድ ሰላም ብሏል። ሳሊህም ሰላምታ አድርስልኝ ብሎኛል፤ አድርሻለሁ። ለሐቢብና ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ንገሪ።

እናትሽ ዙሀራ ከስልኩ አጠገብ ፍራሽ አስነጥፋ ተቀምጣለች። ሲጮኽ ከአባቷ በቀር ማንም እንዳይነካው፣ ሳሊህም ቢሆን፣ ብላለች፤ እኔም የምነካው ለእሷ ለማቀበል ብቻ ነው። ደውዪ።

አባትሽ ሸረፈዲን
መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.