ዟሪ ሳይሆን ታማሚ ስለ መሆኔ

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

በሞያሌ ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበር አቶ ሀብተሥላሴ
ሞያሌ

ጉዳዩ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በማኅበሩ ግቢ እንዳልራመድ የተላለፈብኝ እገዳ እንዲነሣልኝና የተጻፈብኝ ቃል እንዲሰረዝልኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ አቻምየለሽ ዳምጤ የማንያታ ሠፈር ነዋሪና የማኅበሩ አባል ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዋልዳ የስደተኞች መጠለያ፣ በሸራ ሥር፣ ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ስለሆነ በአጻጻፌ ጉድለት ቢገኝ እንዲታለፍልኝ እለምናለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ያልሄድኩት ጉዳዩ በሌላ ሰው አፍ አልፎ አንድ ጊዜ ስለተበላሸብኝ ነው።

1. ሕመሜ ኪንታሮት ነው። ይህን ቃል በወንድ ፊት ተናግሬው አላውቅም። እዚህ የጻፍኩትም ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ከጭነት መኪና ማቆሚያው አጠገብ በጉልት ተቀምጬ ለሹፌሮችና ለረዳቶቻቸው ዳቦ ቆሎ ስሸጥ ኖሬያለሁ። መድማት ከጀመረኝ ዓመታት ቢያልፉም ደብቄው ቆየሁ። አንድ የባህል ሐኪም የሚያቃጥል ነገር ቀብቶኝ ጭራሹን አባሰብኝ። በመጨረሻ ጉልቱ ላይ ራሴን ስቼ ስወድቅ ሹፌሮች አንሥተው ሆስፒታል አደረሱኝና በሰኔ ወር ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ።

2. ነርሷ ሃዋ በቦረንኛ እንዳስረዳችኝ፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ እንድቀመጥ፣ ጀሪካን እንዳላነሣ፣ ሆዴ እንዳይደርቅ ተልባ እንድጠጣ፣ ቁስሉ ሲጠግግ ደግሞ በየጠዋቱ ደልዳላ ቦታ ላይ እንድራመድና እያደር እንድጨምር ታዘዝኩ። ሐኪሙም ራሱ ጣቱን በአየር ላይ እያዞረ «ማማ፣ ዙንጉካ ኪዋንጃ፣ ፖሌ ፖሌ» አለኝ። ሜዳውን ዙሪ፣ ቀስ ብለሽ ማለቱ ነው። ቁጭ ብዬ ከዋልኩ ሕመሙ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ከተመለሰም በእኔ ዕድሜና ደም ማነስ ዳግመኛ መቀደድ እንደሚያሰጋ አስጠነቀቀኝ።

3. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ማንያታ ሽቅብና ቁልቁል ነው። ስወጣ ቁስሉ ይሳባል፤ ስወርድ ደግሞ ሞተር ብስክሌቱ አያሳልፍም። ከከተማው ወጥቼ ወደ ዳበል በሚወስደው መንገድ ላይ ሞከርኩ። እዚያም ዳባሶ የሚባሉ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ ሸክም የሌለባት ሴት ብቻዋን ስትሄድ አይተው «ምን ጠፋሽ? ፍየል ነው ግመል?» ብለው አብረውኝ ሊፈልጉ ተነሡ። ምንም አልጠፋኝም ብላቸው አላመኑኝም፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ እየገለጡ ረጅም መንገድ ተከተሉኝ። እኒያን ደግ ሰው በየጠዋቱ ለማድከም አፈርኩና ተውኩት።

4. የማኅበራችን ግቢ ግን ደልዳላ ነው። ደልዳላ የሆነውም እኔና መሰሎቼ ድንጋዩን በቀሚሳችን እየለቀምን አውጥተን ስለጣልነው ነው። ሐምሌ ላይ እዚያ መራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አዳራሹን አንድ ጊዜ ሳልዞር ግድግዳ ይዤ እቆም ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ላብ እስኪያጠምቀኝ እሄድ ጀመር። ሆዴ ለሰለሰ፤ መጸዳጃ ቤት መግባት መፍራቴም ቀረ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች «እማማ፣ ስንተኛ ዙር ላይ ነዎት? ለኦሎምፒክ ነው?» ይሉኝ ነበር። አልተቀየምኳቸውም፤ ሳልፍ ኳሱን ይይዙልኝ ነበር።

5. መስከረም ላይ አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ። ከመሩ ከተማ የመጣ ስለሆነ አማርኛም ቦረንኛም አይሰማም። አንድ ቀን አስቁሞ በስዋሂሊ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ አለኝ። የእኔ ስዋሂሊ ከገበያና ከሰላምታ አያልፍም። የሐኪሙ ቃል በዚያች ሰዓት ጠፋኝ። በመናኸሪያው ፖሊሶች ወደ ደቡብ የሚያልፉትን የአገራችንን ልጆች ሲያባርሩ «ኡናዙሩራ» እያሉ ሲጮሁ እሰማ ነበርና፣ ከእኛው መዞር ጋር አንድ መስሎኝ «ናዙሩራ» ብዬ መለስኩ። እየዞርኩ ነው ማለቴ ነበር። ቃሉ ለካ ያለ ሥራ መንከራተት፣ አሳቻ ቦታ ማንዣበብ ማለት ኖሯል። ዘበኛው የሰማውን ለጽሕፈት ቤቱ አስታወቀ። በከተማችን ከተነሣው የጎሣ ግጭት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያመለክት ታዟልና እሱን አልከስም።

6. ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጸሐፊው አቶ ዘርአብሩክ «እማማ፣ ናይሮቢ ቢሆን በዚህ ቃል ይታሰሩ ነበር» ብለው ሳቁ። ለጤናዬ ነው የምዞረው አልኩ። «ምንዎን አሞዎት?» አሉኝ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሴት አልነበረም። ከኮሚቴው አንዱ አቶ እንድሪያስ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ ነው። ሊያድነኝ ፈልጎ «ጉልበቷን ያማታል» ቢል፣ አቶ ዘርአብሩክ «ጉልበቱን ያመመው ሰው ቁጭ ይላል እንጂ ይዞራል እንዴ?» አሉና ሁሉም ሳቀ። አበልጄም ሳቀ።

7. ውሳኔው «ያለ ምክንያት በግቢው ውስጥ ሲዞሩ የተገኙና ይህንንም በራሳቸው አንደበት ያመኑ በመሆናቸው፣ ከስብሰባና ከልቅሶ በቀር ወደ ግቢው እንዳይገቡ» ይላል። ስብሰባ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ እግሬን ለማፍታታት ሰው እስኪሞት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው።

8. ቃሉ በስዋሂሊ አንድ ነገር ከሆነ በአማርኛ ሌላ ነው። ዟሪ የምትባል ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ውሳኔው በወጣ ሰሞን የማንያታ ልጆች «ዟሪዋ መጣች» ይሉኝ ጀመር። ለምግብ ቤቷ ዳቦ ቆሎ ትረከበኝ የነበረችው ወ/ሮ መቅዲ «የኔ እናት፣ ደንበኞቼ እኮ ያወራሉ» ብላ ያመጣሁትን ከነሰሃኑ መለሰችብኝ። እኔ በወጣትነቴም በዚህ ስም አልተጠራሁም። ሲመሽ በዚያው ሜዳ የሚሮጡት ወንዶች ስፖርተኛ ይባላሉ። እኔ ቀስ ብዬ ስለሄድኩ ይሆን ዟሪ የተባልኩት? ይህን ለመሳደብ አልጻፍኩትም፤ መልሱን የሚያውቅ ካለ ብዬ ነው።

9. አሁን እንደ በፊቱ ጉልቱ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ተልባውም ብቻውን አልረዳኝም፤ ሆዴ ደርቋል።

ስለዚህ፦

ሀ) በየጠዋቱ፣ ግቢው ሰው ሳይበዛበት፣ ለጥቂት ጊዜ እንድራመድ ለዘበኛው ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ፤ ይኸውም በሚሰማው ቋንቋ እንዲነገረው፤

ለ) በውሳኔው ላይ ስለ መዞር የተጻፈብኝ ቃል እንዲሰረዝና ኮሚቴው ስሕተቱን ለአባላት እንዲያስታውቅልኝ፤ በምትኩ ምን ይባል ከተባለ «ታማ ነበር» ማለት ይበቃል፤ የሕመሜ ስም በጉባኤ እንዳይነበብብኝ፤

ሐ) ለማስረዳት ብጠራ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ስለማልችል፣ ቆሜ መናገሬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ነርሷ ሃዋም ቀርባ እንድትመሰክርልኝ እንዲፈቀድ

በትሕትና አመለክታለሁ።

ማመልከቻውን ጀምሬ በቀለም እጦት ለጥቂት ቀናት አቆይቼው ነበር። በመካከሉ ደሙ ተመልሷል። ሐኪሙ ደም ካየሽ መራመዱን አቁመሽ ነይ ብሎኝ ነበር፤ ሄድኩ፤ እሱ ግን ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ በምትኩም የተመደበ የለም። ስለዚህ በፊደል ተራ ሀ የተጠየቀው ቢፈቀድልኝም የምጠቀምበት አይመስለኝም። ለጽሕፈት ቤቱ ሁለቱን መፈጸም የሚከብድ ከሆነ በሩ እንደ ተዘጋ ይቆይ። ቃሉ ግን ይሰረዝልኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አቻምየለሽ ዳምጤ
ማንያታ፣ ሞያሌ