ሃምሳ ጊዜ «አየሁ» ያልሁበት ቅዳሜ

ጄኔቫ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ትርፍነሽ ዘበነ
የቆዩ ጠመንጃዎች ተኳሾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዙሪክ

ጉዳዩ፦ በወይዘሪት ፌኔት ላይ የተጣለው የሦስት ወር እገዳ ተነሥቶ በእኔ ላይ እንዲውል ስለ መጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ታዲዮስ ገብረኪዳን ጄኔቫ አጠገብ ያለችው የሜራን ነዋሪና ጡረተኛ ዲፕሎማት ነኝ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ እንደ መሆኔ ማንነቴን ማስረዳት ባላስፈለገኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን እንደ መሥራች ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ስለሆነ ከስሜ ልጀምር።

2. እርስዎ እንደሚያውቁት እኔና አቶ አስፋ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት፣ በፈረንጆቹ ወር በየመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ዙሪክ ላንግሽትራሰ ከተባለው መንገድ አጠገብ ባለው ምድር ቤት ለስምንት ጎራሿ ኤም ዋን ጠመንጃችን ጥይት በእጃችን ስንሞላ ኖረናል። በወጣትነታችን በጦር ትምህርት ቤት ተኩስ የተማርነው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። እርሳስ አቅልጦ አረር የሚያፈሰውም፣ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ የሚጨምረውም አስፋ ነው። የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አረሩ ከመገጠሙ በፊት በየወሩ የምንሞላውን ሃምሳ ቀለህ ተራ በተራ በባትሪ እያበራሁ፣ ባሩዱ መግባቱን አይቼ «አየሁ» ማለትና መዝገቡ ላይ መፈረም። «አየሁ» ያልተባለበትን ቀለህ አስፋ አይነካም። ይህን ሥርዓት ማኅበሩ አልደነገገውም፤ የሁለታችን ነው።

3. ወይዘሪት ፌኔትን ባለፈው ጥቅምት ወደ ክፍሉ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀን «ጋሼ፣ እኔም ልሞክር?» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ እጇ በሚዛን የተገራ ነው። በሦስተኛው ወር አስፋ የእርሳሱን ጭልፋ ሰጣት። እኔ ያን ጭልፋ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የያዝሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አስፋ ስልክ እስኪያነሣ። ያፈሰሰቻቸውን አረሮች መዳፉ ላይ እያገላበጠ «ጎበዝ! እስቲ እይ ታዲዮስ፣ አንድ እንከን አላቸው?» አለኝ። አየሁ፤ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ መቀበሉን ተወ። ብጠይቀው «መንገዱን ለምደኸው የለም እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። ክብርት ሆይ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ የአገር ድርድር የመራሁ ሰው፣ ከጄኔቫ እስከ ዙሪክ በባቡሩ መስኮት ሐይቁን እያየሁ የማስበው ስለ አንድ ጭልፋ ነበር።

4. ጥር 24 ቀን አስፋ ባሩድ ሲሞላ እኔ እንደ ወትሮው በስተቀኙ ተቀምጬ ባትሪ ይዤ ነበር። ፌኔት ጓሮውን በሚያየው መስኮት ሥር እርሳስ ታፈሳለች። አስፋ በየመካከሉ ቀና እያለ «እሳቱን ቀንሺው፣ የኔ ልጅ» ይላታል። እሷም «እርስዎ ደግሞ እጅዎን ይጠብቁ፣ ባሩዱን እንዳያፈሱት!» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። ባትሪዬ ቀለሁ ላይ ያበራል፤ ዐይኔ ያለው ግን እነሱ ላይ ነው። ሃምሳ ጊዜ «አየሁ» አልሁ። ከሃምሳው ስንቱን እንዳየሁ አላውቅም። ፈረምሁ።

5. ከሰዓት በኋላ በተኩስ ሜዳው አራተኛውን ስተኩስ ድምፁ የታፈነ ሆነ፤ ቀለሁም ተስፈንጥሮ አልወጣም። በእርሳስ አረር የሞላነው ጥይት አንዳንዴ ጉልበት ስለሚያንሰው ጠመንጃው ራሱን ሳያቀባብል ይቀራል። እንደ ልማዴ በእጄ አቀባበልሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ሳለ ፌኔት የድምፁን መታፈን ልብ ብላ ኖሮ ከኋላዬ «ጋሼ፣ አይተኩሱ! እጅዎን ያንሡ!» ብላ ጮኸች። አስፋ በርሜሉ ውስጥ የመጥረጊያውን ዘንግ ቢከት አረሩ መካከል ላይ ተቀርቅሮ ተገኘ። ያ ቀለህ ባሩድ አልነበረበትም፤ አረሩን እዚያ ድረስ የገፋው ባሩዱን የሚለኩሰው የቀለሁ ካፕሱል ብቻ ነው። ቀጣዩን ተኩሼ ቢሆን በርሜሉ ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር።

6. ጽሕፈት ቤቱ ቃሌን ሲጠይቀኝ «በዕለቱ በክፍሉ ውስጥ ልምድ የሌለው አዲስ ሰው ነበረ» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር መጻፍ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው። አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም፤ ጥፋቱን ግን ወስዶ እሷ ደጃፍ ያስቀምጠዋል። የካቲት 3 ቀን ታገደች። ነፍሴን ያተረፈችው ልጅ አንድ ቃል አልተከራከረችም።

አስፋ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ታዲዮስ፣ አይተህ ነበር?»

«ፈርሜ የለም?» አልሁት።

የካቲት 22 ቀን እንደ ድሮው ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። የተመኘሁትን አገኘሁ። አስፋ ባሩዱን ሞላ፤ እኔም በዚያን ቀን እያንዳንዱን በእውነት አይቼ «አየሁ» አልሁ። ስጨርስ ባትሪውን ከእጄ ተቀበለኝና ሃምሳውንም ራሱ እንደገና አያቸው።

7. ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ. በወይዘሪት ፌኔት ላይ የተጣለው እገዳ ሳይውል ሳያድር ተነሥቶ፣ ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽላት፤

ለ. ሦስቱ ወር በእኔ ላይ እንዲቆጠር፤

ሐ. ከእንግዲህ ባሩድ ሲሞላ ባትሪውን ይዛ «አየሁ» የምትለው እርሷ እንድትሆን። ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ ለመጻፍ የከበደኝ ይህ መስመር ነው፤ ሁለት ቀን አቆይቼዋለሁ።

ጾሙም ገብቷል፤ ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛ የተጣመመ ቃል ልሰጥዎ አልደፍርም። አልለቀቀኝም። ስለሆነም አንድ ነገር ልለምንዎ። ፌኔት ባትሪውን ስትይዝ ከአስፋ በስተግራ ትቀመጥ፤ ብርሃኑም በዚያ በኩል ይሻላል። በስተቀኙ ያለው ወንበር፣ ደንቡ የማይከለክል ከሆነ፣ ሦስቱ ወር እስኪያልቅ ማንም ሳይቀመጥበት ይቆይልኝ።

ከማያቋርጥ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ታዲዮስ ገብረኪዳን

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ፌኔት
ለአቶ አስፋ
ዙሪክ