በቁም ሳጥን ስለተቆለፈባት ትንሽ ካሜራ

ለክቡር የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የካሜራ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ በቆላው ሙቀት የእርስዎና የኮሚቴዎ አባላት ጤና እንዴት እንደከረመ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ካሜራ ለመምረጥ ሰባት ወር መሰብሰብ ቀላል ድካም አይደለምና እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ። እኔም አለሁ።

ፀሐይ ተሰማ እባላለሁ፤ ባለፈው ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የወሰደው የሽፈራው እናት ነኝ። የሽንኩርት ማሳውን የውኃ ሞተር ላድን ብሎ ወረደ፤ አስከሬኑን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ስልኩም መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ ነበሩ፤ ውኃ በላቸው። የሰፈሩን ሠርግና ክርስትና የሚያነሳው እሱ ስለነበረ፣ የጎረቤቶቼን ስልክ ሁሉ ባስፈትሽ እሱ ያነሳውን እንጂ እሱ ያለበትን አላገኘሁም። አንድ ብቻ አለ። በግንቦት ሽንኩርት አምራቾች እማሳው ላይ ሲሸለሙ፣ የምስክር ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ ሰው ሲስቅበት፣ ሠራተኛችሁ በትንሿ ካሜራ አንስቶታል። ቆሜ አይቻለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን ምስጋና በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ በበራችሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በተከፈተው መስኮት ስሰማችሁ ግን ብዙ አወቅሁ። ትንሿ የኪስ ካሜራ ቀላልና ርካሽ እንደሆነች፣ ጨለማ ላይ ግን ምስሏ እንደሚሻክር፤ ሌንሱ የሚፈታው ትልቁ ካሜራ ፈጥኖ እንደሚያነሳ፣ ለጀማሪ የሚሆንም እንዳለው፤ በሌንስ ማቅረብና በማሽኑ ማጉላት አንድ እንዳልሆኑ፣ ሁለተኛው ምስሉን እንደሚያደበዝዝ አሁን ለሰው ማስረዳት እችላለሁ። የሜጋፒክስሉ ክርክር ብቻ አራት ስብሰባ ፈጅቷል፤ አንዱም አላመለጠኝም።

2ኛ. ትንሿን ካሜራ ከነሜሞሪዋ ቆልፋችሁ ስለጠበቃችሁ አመሰግናለሁ። አዲሱ ሳይመረጥ አሮጌዋ ከመዝገብ እንደማትወጣ፣ ከመዝገብ ሳትወጣም ቁም ሳጥኑ እንደማይከፈት በትዕግሥት አስረድታችሁኛል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኸይረዲንም ሜሞሪውን እዚያው ፊታችሁ ገልብጦ ልመልስ ብሎ ሦስት ጊዜ መጥቶ ለምኗችኋል። ሦስቱንም ጊዜ ወንበር ሰጥታችሁታል።

3ኛ. ያን ፎቶ እንድትሰጡኝ ያስገባሁትን ማመልከቻ በጥንቃቄ ስለመረመራችሁ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዋ «እትዬ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጎድለዋል» ስትለኝ የእኔን መስሎኝ ሄጄ ተነሳሁ። ኸይረዲን ሳንቲም አልተቀበለኝም። ይዤ ስመለስ ግን የተጠየቀው የሟቹ እንደሆነ፣ ከተሸላሚዎቹ መካከል እሱን ለመለየት እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። ፎቶ ለማግኘት ፎቶ ላምጣ ማለት ነው። እኔም ግንባሩና ዓይኑ የእኔ ነው፣ በዚህ ፈልጉት ብዬ የራሴን ትቼላችሁ ወጣሁ። ከፋይሉ ጋር እንደተያያዘ አምናለሁ።

4ኛ. ይህ ምስጋና አይደለም። ጠባሳ ነበረችው፤ ሕፃን ሳለ በር ላይ ወድቆ ያገኘችው፣ ጉንጩ ላይ። ባለፈው ሳምንት ቀኝ ይሁን ግራ ጠፋኝ። ሌሊት አይደለም፣ በቀትር፣ ማሾ ስለቅም ነው የጠፋኝ። ተነስቼ የጎረቤቴን የነኢማን ደጃፍ ቆሜ ጠየቅኋት። እሷ ቀኝ አለች፤ ባሏ ግራ አለ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ፊቱን ማየት የምፈልገው ለዚህ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም ሐሳቤን ልስጥ። ትንሹንም ትልቁንም ብትገዙ አልቃወምም። ልጄን ያነሳችው ግን ያቺ የናቃችኋት ናት፤ ያን ቀን የያዛት ሰው ከቢሮ ወጥቶ እማሳው ድረስ ስለመጣ።

ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክብርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎ ጤና፣ ለቁም ሳጥኑ ቁልፍም መልካም ጥበቃ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ፀሐይ ተሰማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትልቁ ካሜራ እንደተገዛ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ስለ ትንሿ ስጠይቅ አስወጋጅ ኮሚቴ ገና ይቋቋማል ተባልኩ። በካሜራው ምረቃ ዕለት ልጆቻቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው እናቶች ቆመው በአዲሱ ካሜራ እንዲነሱ የላካችሁት ጥሪም ደርሶኛል። እመጣለሁ። ኸይረዲን የሠራልኝን ፍሬም በደረቴ ይዤ እቆማለሁ፤ ውስጡ ምንም የለም። ካሜራው ጥራቱ እጅግ ከፍተኛ ነው ብላችኋልና፣ ባዶውን ቁልጭ አድርጎ እንደሚያወጣው አልጠራጠርም።