ሰሌዳ ያላየ አሯሯጭ ለዲኑ የጻፈው አቤቱታ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ኤሊያስ ቼሲሬ
በኬሪዮ አፋፍ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ማኔጅመንት ፋኩልቲ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመመረቂያ ጽሑፌ ላይ አንድ ነጥብ ሦስት ኪሎ ሜትር እንድቀንስ የተሰጠኝን ትእዛዝ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ከብቶችዎ፣ ጉልበትዎ እንደምን ከርመዋል? በተለይ ጉልበትዎን የምጠይቀው፣ ባለፉት ሰባት ወራት ቢሮዎ ደጅ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «አሁን ገና ወጡ» ስለምትለኝ፣ የአገራችን ፈጣን ሯጭ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል እምነት ስላደረብኝ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴም ለክብርዎ በማሰብ ነው፤ ቀደም ሲል በፖስታ የላክኋቸው አራቱ እርስዎን ሲያሳድዱ ደክሟቸው መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናልና።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ባርናባ ኪፕሴሬም እባላለሁ፤ የካፕሲሮር ሰው ነኝ፤ ሥራዬ አሯሯጭነት ነው። አሯሯጭ ማለት ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚያወጣ፣ ነፋሱን በደረቱ የሚመክት፣ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ደግሞ በጨዋ ደንብ ዳር ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሪባን ሲበጥሱ እኔ መንገድ ዳር ሹራቤን እየደረብኩ ሳጨበጭብ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ጄፕቱም ስትቀልድብኝ «አንተ እኮ ሻይ እንኳ ግማሽ ብርጭቆ ነው የምትጠጣው» ትለኛለች። ስፖርት ማኔጅመንት ለሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው ስላት ግን ቀልዷን ተወችና «ባርናባ፣ በሞቴ፣ ይህቺን እንኳ ጨርስልኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ በሕይወቴ አንድ ነገር መጨረስ እፈልጋለሁ። የሚቀረኝ ጽሑፌን ለፈታኞች ማቅረብ ብቻ ነው፤ ይህ ሴሚስተር ሲያልቅ የተፈቀደልኝ ዘመን ያበቃና ከአንደኛ ዓመት እንደ አዲስ ጀምር እባላለሁ።

ከቅሬታዬ ምስጋናዬን ላስቀድም። ባለፈው ዓመት ፋኩልቲዎ የውድድር ዝግጅትን በተግባር ያስተምረን ዘንድ «የዲኑ ዋንጫ» የተባለውን የአሥር ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በማዘጋጀቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ውድድር እንዴት እንደማይዘጋጅ ከዚያች ቅዳሜ የበለጠ ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም። የቸገሩኝ ነገሮች ግን የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ስለ ሰሌዳው። በውላችን ላይ «አሯሯጩ የአምስት ኪሎ ሜትሩ ሰሌዳ ጋ ሲደርስ ያቆማል» ተብሎ በእርስዎ ፊርማ ሰፍሯል። ሰሌዳዎቹ ግን ቀለም ተቀብተው፣ አምረው፣ ደምቀው፣ የዩኒቨርሲቲው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እንደተቆለፉ ቀሩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደንብ አክባሪ ሰው በመሆናቸው ዕቃ ለማውጣት የሦስት ሰዎች ፊርማ ጠየቁ፤ ሦስተኛው ፈራሚ እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎ ደግሞ ሳምንቱን በሙሉ ናይሮቢ ላይ ቢሮክራሲን ስለማሳጠር በሚመክር ዓውደ ጥናት ተጠምደው ነበር። ሲመለሱ ቅዳሜ ሆነ፤ ቅዳሜ ደግሞ ግምጃ ቤት አይከፈትም።

እኔም ሰሌዳዬን ፍለጋ ሮጥኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ በቆሎ ነው፣ አጥር ነው፣ ላም ነው። ከፊቴ በምትሄደው መኪና ላይ ለተጫኑት አስተባባሪ ተማሪዎች «ልጆች፣ ሰሌዳው የታለ?» ብዬ ብጮህ «ከፊት ነው ጋሼ፣ በርታ!» አሉኝ። በረታሁ። መላው መንደር አያቴ የሚላት ኮጎ ታፕሌሌይ ወተት ከምትሸጥበት ደጅ ስደርስ አሮጊቷ ከበርጩማዋ ብድግ ብላ «አንተ የሴሬም ልጅ! ምነው ዛሬ አትወጣም እንዴ? ምን ነክቶሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። «ሰሌዳ የለም፣ ኮጎ!» አልኳት። «ታዲያ የሰሌዳ ያለህ እያልክ ኡጋንዳ ልትገባ ነው?» አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ ሮጥኩ፤ ሳላስበው ሪባኑ ደረቴ ላይ ተጠመጠመ። ክቡር ሆይ፣ ሪባን እንዲያ ለስላሳ መሆኑን አላውቅም ነበር። አለቀስኩ፤ አላፍርበትምም። ጄፕቱም በሕዝቡ መሃል ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትጨፍር አየኋት።

፪ኛ. ስለ ርቀቱ። በእኛ አገር ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ከብቱ ብዛት ይዋሻል፤ ስለ ኪሎ ሜትር ግን አይዋሽም፤ ቢዋሽ ጎረቤቱ ርቀት የሚቆጥር የሩጫ ሰዓቱን አውጥቶ ያሳፍረዋል። የዚያን ዕለት የሯጮች ሰዓት ሁሉ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት አለ። ኮጎ ታፕሌሌይ ሰዓት ሳያስፈልጋት «ይሄ አሥር ከሆነ እኔም ኮረዳ ነኝ» ብላ ፈረደች። ተማሪ ነኝና በዚህ አልረካሁም፤ ጎማው ላይ መቁጠሪያ የተገጠመለት ብስክሌት ተውሼ መንገዱን ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሦስቴም ያው ሆነ። ምክንያቱን ኋላ የነገረኝ የፋኩልቲው ፒክአፕ ሾፌር ነው። ለካስ መንገዱ የተለካው በእሱ መኪና ቆጣሪ ኖሯል። «ቆጣሪው እኮ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ አይንቀሳቀስም፤ ማን ጠይቆኝ ልናገር?» አለኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ትዝ ያለኝ በአጋጣሚ ነው፤ የውድድር ዝግጅት አስተምራለሁ የሚልን ፋኩልቲ ለመንካት አይደለም።

፫ኛ. ሦስተኛውን ቅሬታ፣ ማለትም ሯጮች ውሃ ሲጠይቁ በክብር እንግዶች ድንኳን ስለተበላው የፍየል ጥብስ የሚያወሳውን፣ ጄፕቱም «ሰው የበላውን መቁጠር ነውር ነው» ብላ አሰርዛኛለች። ስለዚህ አልጻፍኩትም።

፬ኛ. ስለ ጊደሯ። ለአሸናፊ የተዘጋጀችው ጊደር «አሯሯጭ አይሸለምም» ተብሎ፣ ኮሚቴ እስኪወስን በዩኒቨርሲቲው እርሻ እንድትቆይ ተደረገ። ሁለተኛ ለወጣው ለኪፕላንጋት ቢሰጡት «ጀርባውን እያየሁ የገባሁትን ሰውዬ ከብት እየነዳሁ በየት በኩል ነው መንደር የምገባው?» ብሎ እምቢ አለ። ጊደሯ ኮሚቴውን ስትጠብቅ ወለደች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ተረቱ፤ የእኔይቱ እንኳ ምድር ላይ ናት፤ ከአጥር ማዶ ስትጮህ እሰማታለሁ። ይሁን። ወተቷ ለመምህራን ሻይ እንደሚውል ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ በጊደር አልጣላም።

፭ኛ. እነሆ ዋናው። ያን ውድድር ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው መርምሬ፣ አርባ ሁለት ሰው አነጋግሬ፣ «የአምስት ኪሎ ሜትሩ ሰሌዳ የት ነበር? በአንድ የጎዳና ሩጫ የታዩ የዝግጅት ጉድለቶችና መፍትሔያቸው» የሚል መቶ ሃያ ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ ዶክተር ጄቤት አንብባ «ባርናባ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው፤ በል ሂድና ቀን አስይዝ» አለችኝ። ቀን ላስይዝ ስመጣ ከቢሮዎ የሁለት መስመር ማስታወሻ ተሰጠኝ፦ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት የሚለው አሥር ተብሎ ይታረም፤ የአሸናፊው ስም በሁለተኛው ስም ይተካ፤ ይህ ሲሟላ ቀን ይቆረጥለታል።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የተጠየቅሁት አንድ ቁጥርና አንድ ስም ነው። ስድስት ዓመት ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ልምምድ የተሯሯጥኩት በአንድ ቁጥር ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ «አሥር» ብዬ ጻፍኩም። ጄፕቱም ከኋላዬ ቆማ ታይ ኖሮ «ጨርስ አልኩህ እንጂ የጨረሰ ምሰል አልኩህ?» አለችኝ። አጠፋሁት። እሷም ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ጽሑፌ እንዳለ ፈታኞች ፊት ይቅረብ፤ ስህተት ካለበት እነሱ ይጣሉኝ፤ ወድቄም ቢሆን ጨረስኩ እላለሁ። አለዚያም በእርስዎ ሥልጣን ትርፉ አንድ ነጥብ ሦስት ኪሎ ሜትር ከመንደራችን መሬት ላይ ይነሳልኝና እኔም ጽሑፌን በደስታ አርማለሁ። ብቻ አደራ፣ ሲነሳ በኮጎ ታፕሌሌይ ደጅ በኩል አይሁን፤ ደንበኞቿ ይርቁባታል።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሲያረዝመውም በፒክአፕዎ ቆጣሪ አይለካብዎ።

በር ከፍተው እስኪያገኙኝ ድረስ ከደጅዎ የማልጠፋ፣ በነገር ሁሉ ታዛዥ፣ በቁጥር ጉዳይ ብቻ ትንሽ ግትር የሆንኩ ተማሪዎ፣

ባርናባ ኪፕሴሬም
አሯሯጭ፤ እንዲሁም በኮሚቴ ያልተረጋገጠ የዲኑ ዋንጫ አሸናፊ

ግልባጭ፦
ለዶክተር ጄቤት
ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ (ሦስት ፊርማ ባይኖረውም ይቀበሉን ዘንድ)
ለጊደሯና ለጥጃዋ፣ በዩኒቨርሲቲው እርሻ በኩል

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ጉዳይ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ሁለት የእርስዎ ተማሪዎች አንድ ቅል ሙርሲክ፣ የአገራችንን እርጎ፣ ያውም በደንብ የረጋ፣ ይዘው ሊያመሰግኑኝ ቤቴ መጡ። «ለምኑ ነው?» ብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ጽሑፌን ያስጠረዝኩበት የግቢው በር ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ቅጂ አስቀርቶ ሲቸበችበው ኖሯል፤ ዘጠኝ ተማሪዎችም ስለ ርቀቱ ልኬት የሚናገረውን ምዕራፍ፣ «የዲኑ ዋንጫ» የሚለውን «አንድ ውድድር» ብለው ለውጠው፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው እርስዎ ለሚያስተምሩት ኮርስ አስገብተውታል። ስማቸውን አልነግርዎትም፤ ልጆች ናቸው፤ እኔው ገሥጬአቸዋለሁ። አንደኛው ወረቀቱን አሳየኝ፤ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት ከሚለው ቁጥር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ «እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት አይቼ አላውቅም» ተብሎ ኤ ተሰጥቶታል። ዘጠኙም ኤ ነው ያገኙት። ጽሑፌን አላነበቡልኝም ብዬ በማማቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ አንብበው ዘጠኝ ጊዜ አሳልፈውታል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።