ዕጢው ይራብ እንጂ እርስዎ አይራቡ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጎንዎን ይወጋዎት የነበረው ሕመም ጋብ አለልዎ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ብርዱ ከሚያንዘፈዝፈኝ በቀር ደህና ነኝ፤ የእናንተ ሐሳብ ነው እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም።

እሁድ ዕለት እህቴ ደውላ ምግብ መግፋት ከጀመሩ መሰንበትዎን፣ ሐኪሙም ክብደትዎ ስለቀነሰ ሕክምናውን ማስተላለፉን ነገረችኝ። ለምን ስላት፣ «ልጄ እዚያ ሆና በሽታውን እያስራበች ነው፤ እኔም ከዚህ ላግዛት» ብለዋል አሉ። ስልኩን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። በስልክ ላስረዳዎት ብሞክር ደግሞ «በስልክ የሚባል ሁሉ ማባበያ ነው፤ እውነት ከሆነ ጽፋ ትላክልኝ» አሉ። ይኸው ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነቀርሳ ዕጢ እያደገ ሲሄድ ደም ወደ መሀሉ በደንብ አይደርስምና እዚያ ያሉት ሕዋሳት ኦክሲጅን ያጥራቸዋል። ሌላ ሕዋስ ቢሆን ይዳከም ነበር፤ እነዚህ ግን ብልጣብልጥ ናቸው፣ ስኳር በብዛት እየዋጡ ያለ አየር መኖርን ይለምዳሉ። እኛ እዚህ ቤተ ሙከራችን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አየሩን እያሳነስን እናሳድጋቸውና ስኳሩን ወደ ጉልበት የሚለውጡበትን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት እንሞክርባቸዋለን። ሰሞኑን መድኃኒቱን ዕጢ ላለባቸው አይጦች ሰጠናቸውና የዕጢያቸው እድገት ቀነሰ። አልጠፋም አባባ፤ ቀነሰ እንጂ። ያም ሆኖ በደስታ ተቃቀፍን። አይጦቹ ግን ጠግበው የሚበሉ ነበሩ።

የእርስዎን ነገር ለአለቃዬ ስነግራት ጓንቷን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷን ያጣችው በዚሁ በሽታ ነው። «ሰው ሲራብ ሰውነቱ የራሱን ሥጋ እያፈረሰ ስኳር ይሠራል፤ ዕጢው ከዚያም ቢሆን ድርሻውን ይወስዳል። የሚያልቁት አባትሽ ናቸው። ዛሬውኑ ጻፊላቸው» አለችኝ።

ቀጥሎ ያለውን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት። የእኔ መድኃኒት ለእርስዎ አይደርስም አባባ። ሰው ላይ እስኪሞከር ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ጭራሽ ላይሠራም ይችላል። አሁን የሚደርስልዎ እዚያው ሐኪም ቤት ያለው ነው፤ እሱን ለመቻል ደግሞ አቅም ያስፈልጋል። ከፈለጉ ይቆጡኝ፣ ብቻ ይብሉ። ሊያግዙኝ ካሰቡ ከዚህ የበለጠ እገዛ የለም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ሳህን ይዛ ብትከተልዎ አይቆጧት። እህቴን እቅፍ ያድርጉልኝ። ታናሽ ወንድሜን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ይሳሙልኝ፣ ሥራዬን አጋኖ ያወራልዎት እሱ ነውና። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሱሪዎን ሰፋብዎ ብለው ሊያጠብቡልዎ ወስደዋል አሉ። አይንኩት፣ እንዳለ ይመልሱልዎ፤ ይሞሉታል።

የምትወድዎ የመጀመሪያ ልጅዎ
ከቤተ ሙከራው፣ ከመስኮቱ ዳር
ማክሰኞ፣ የካቲት ፫ ቀን