አባዬ ስለ ሽምብራው የተናገረው

ጉደር፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ወንድሜ ፍሮምሳ፣ አካም ጅርታ? የጌታ ሰላም ህንድ አገር ድረስ ይድረስህ። እማዬ ሰው ሲመጣ ትበረታለች፣ ሲሄድ ታለቅሳለች። ደብዳቤውን እዚያው አንተ ጋ የምትማረው ኡርጂ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ታደርስልሃለች። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ "ተይው፣ ልጁ ትምህርቱን ይማር" ትለኛለች። እኔ ግን አልቻልኩም።

አባዬን የቀበርን ዕለት ደውለህ "ሰው መጣ?" ብለህ ስትጠይቀኝ "መጣ" አልኩህ። መጣማ። ግን ኦቦ ጉዩ፣ ሠላሳ ዓመት ከአባዬ ጋር ድንበር ተጋርቶ ያረሰው ጉዩ፣ ድንኳን አልገባም። መንገድ ዳር ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ ቆመና ተመልሶ ሄደ።

ጥር ላይ የደወልከውን ታስታውሳለህ? ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። "አባዬ፣ እዚህ ሱቅ የሽምብራ ዋጋ እሳት ሆኗል፤ እስከ ፋሲካ እንዳትሸጥ" አልከው። ደስታውን ብታይ! "ልጄ እዚያው ገበያው ላይ ነው" እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ጉዩም ሌሎቹም ምርታቸውን አቆዩ። ለካ ህንድ ከውጭ በሚገባ ሽምብራ ላይ ቀረጥ ጨምራለች። እኛ በምን እንወቅ? የሰማነው የአምቦው ነጋዴ "ላኪዎቹ አንረከብም ብለዋል" ሲለን ነው። ከዚያ ነቀዝ ገባበት። ጉዩ የሚከፍለው አጥቶ ልጁን ድንቅቱን ከነርስ ኮሌጅ አስወጣት። ላንተ ግን "ሸጠነዋል" አልንህ።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አባዬ ተነሳ። "ልጄ አሁኑኑ ሽጡ ብሎኝ ነበር። ትርፍ አምሮኝ፣ በልጄ ስም 'አቆዩ' ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ" አለ። ፍሮምሳ፣ በሬ ሲሸጥ እንኳ የበሬውን አመል ቀድሞ የሚናገር ሰው እኮ ነው! ጉባኤ ፊት ቆሞ ዋሸ። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። እውነቱን ብናገር አንተን ላዋርድ፣ ዝም ብል እሱን። ዝም አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቤት ስንገባ ጮህኩበት። "መቲ፣ እሱ ገና ተመልሶ እዚህ አገር ይኖራል። እኔ ስንት ዓመት ቀረኝና?" አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ አወረዱት። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሞ "አካም ቡልቴ፣ ጉዩ?" ይላል፤ ጉዩ ከብቱን እየነዳ ያልፋል። አባዬ ግን በማግስቱም ይወጣል። ሐኪሙ "የገደለው ደም ግፊት ነው" አለን። እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ተናድጄብሃለሁ፣ አልዋሽህም። አንተ ሞኝ፣ ሱቅ ያየኸውን ዋጋ ይዘህ ነጋዴ ሆንክ! ደግሞ አባትህን ልትጠቅም ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተም ብትሆን አባትህን ሳትቀብር ቀረህ።

እማዬ "ምስጢሩን ይዞት ሄዷል፣ አትንኩት" ትላለች። እኔ ሁለት ጊዜ እስከ ጉዩ በር ሄጄ ተመለስኩ። እኔ ብነግረው የአባቷን ስም ልታጸዳ ነው ይለኛል፤ ካንተ አፍ ከሰማው ያምናል። ፈተናህን ጨርስና ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለጉዩ። ቁጥሩን በፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ንገረውና እሱም ወዳጁን ያልቅሰው።

ጌታ በሰው አገር ይጠብቅህ፤ ለምትናገረውም አቅም ይስጥህ።

የምትወድህ እህትህ
መቲ ሂርጳ